መጋረጃ ሰፊዋና የጣቢያው ኦፔራ

ኑ፣ አረፍ በሉ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ፤ ጠጋ ጠጋ ካልን ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ የምትሰሙት ስለ ሁለት እህትማማቾችና ስለ አንድ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውን አታውቁት ይሆናል፤ ግድ የለም፣ እነሱም አያውቁትም ነበር።

እህትማማቾቹ መጋረጃ ሰፊዎች ናቸው። ታላቂቱን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። ታናሺቱ ሚጡ ናት። ሚጡ ሲባል ሕፃን እንዳትመስላችሁ፤ ፀጉሯ ግማሽ በግማሽ ሸብቷል፣ መነጽሯን ካላደረገች ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አታሾልክም። ግን ታላቅ እህት ያወጣችው ስም ሆነና እንደተለጠፈባት ቀረ። እትዬ ባሏ የሞተባት፣ ሚጡ ደግሞ ጨርሶ ያላገባች ስለሆኑ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጨቃጨቃሉ።

የሚሠሩበት ቤት መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የሚጡ የስፌት መኪና አለ። በወዲያኛው በኩል እትዬ የምትቆርጥበትና የምትተኩስበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጥቅልል ጨርቆች ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ተራ ጠባቂ ሰው ቆመዋል። መጋረጃ መቼም ረጅም ነው፣ ለአንድ ሰው አይመችም። ስለዚህ ሚጡ ከፊት ትሰፋለች፣ እትዬ ከኋላ ቆማ ጨርቁን ትቀበላለች። አንደኛዋ ከቸኮለች ጠርዙ ይሸበሸባል፤ አንደኛዋ ከዘገየች ክሩ ይበጠሳል። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ እርምጃ የሄዱት ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ ለአዲሱ ቤቷ መጋረጃ አሰፋች። ስፌቱ በጣም ደስ ስላላት፣ ልትሄድ ስትል ከቦርሳዋ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሲዲ አውጥታ ለሚጡ ሰጠቻት። ያኔ ሙዚቃ የሚሰማው በሲዲ ነበር። «ኦፔራ ነው» አለቻት፣ «ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ስትሰፊ ስሚው፣ ይስማማሻል።» ሲዲው ላይ በእስክሪብቶ «ጣቢያው» ተብሎ ከመጻፉ በቀር ሌላ ምንም የለበትም። ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ሲዲው ቀረ።

የማጫወቻው መሰኪያ በእትዬ ጠረጴዛ ራስጌ ብቻ ስለነበር፣ ማጫወቻው እዚያው ካውያው አጠገብ ተቀመጠ።

ሚጡ መጀመሪያ ስትሰማው ሳቀች። አንዲት ትንሽ ዜማ ትመጣለች፤ ትደገማለች፤ አሁንም ትደገማለች። «ሰውየው ሌላ አያውቅም እንዴ?» አለች። ስፌቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ግን እግሯ ፔዳሉ ላይ ከዜማዋ ጋር እየሄደ መሆኑ ታወቃት። ያቺ ዜማ ያው ናት ስትል ያው አይደለችም፤ ከሥሯ አንድ ክላርኔት ብቅ ብሏል። መቼ መጣ? ማን አስገባው? እሱን ስትፈልግ ደግሞ ከበሮው ቦታውን ቀይሯል። ሚጡ መቀሱን አስቀመጠች።

«እትዬ! ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ተለወጠኮ!»

«እኔ ምንም የተለወጠ ነገር አልሰማሁም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ነው የሚያላምጠው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሚጡን የሚመልሳት ጠፋ። በሬዲዮ የዚያኑ ሰው ሌሎች ኦፔራዎች ቁርጥራጭ ሲያሰሙ መኪናዋን አቁማ ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ ትለጥፋለች። ለመርከቦች መብራት ስለሚያበራ ብቸኛ ሰው የሠራው አለ፤ ፍርዱን አንብቦ መጨረስ ስላቃተው ዳኛ የሠራውም አለ። ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጣ በጨርቅ ናሙናዎቹ መሀል በመርፌ ሰካችው። ስሙን አትጠራም፤ «የኔ ሰውዬ» ነው የምትለው። «የኔ ሰውዬ እኮ ሰሞኑን አዲስ እየሠራ ነው አሉ» ስትል የሰማች አንዲት ደንበኛ፣ እትዬን ወደ ጥግ ወስዳ «እሰይ፣ ሚጡ ሰው አገኘች እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አግኝታለች» አለች እትዬ። «እሱ ግን አንድ ቃል ከጀመረ ለከርሞም አይጨርሰውም።»

እትዬ ሰውየውን «አቶ ድገመው» ብላዋለች።

የኦፔራው ታሪክ ቀላል ነው። በአንድ ትንሽ የባቡር ጣቢያ ሰዎች ባቡር ይጠብቃሉ። አንዲት ሙሽራ አለች፣ ሻንጣ የያዘ ሐኪም አለ፣ የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ባቡሩ ዘግይቷል። ሁሉም እየተነሱ ጣቢያዋን የምትጠብቀውን ሴት ይጠይቋታል፤ እሷም «ይመጣል» ትላቸዋለች። ሚጡ ነፍሷ የሚወጣላት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ሴትዮዋ በዚያ ጥልቅ ድምፅ «ይመጣል» ትላለች፤ «ይመጣል»፤ «ይመጣል»፤ አታቆምም። መጀመሪያ ማጽናኛ ይመስላል። ቆየት ሲል ማስፈራሪያ ይመስላል። ይበልጥ ሲቆይ ቃልነቱ ይጠፋና እንደ ትንፋሽ ይሆናል፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

«እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ስሚ!» ትላለች ሚጡ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ።

«የኔ እመቤት፣ ሲዲው ተበላሽቷል መሰለኝ» ይላል መጋረጃውን ሊወስድ የመጣ ሰው።

«አልተበላሸም! ጥበቡ ነው! አንዳንድ ቀን ይረዝማል፣ አንዳንድ ቀን ያጥራል። ሙዚቃው ያው፣ የሚለወጠው የሰሚው ልብ ነው። ጊዜን ራሱን እኮ ነው የሚጫወትበት!»

ሰውየው እትዬን ያያታል። እትዬ በካውያው እንፋሎት ውስጥ ሆና ትከሻዋን ትነቀንቃለች።

መጨረሻው ደግሞ ሚጡን ይበልጥ ያስደንቃታል። ባቡሩ አይመጣም። ሙዚቃው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ይላል፣ ሰዎቹም እንደተቀመጡ ይቀራሉ። «ደፋር ነው!» ትላለች። «ሌላ ሰው ቢሆን ባቡሩን ያመጣው ነበር።»

ደስታ መቼም ለብቻ ሲሆን ይከብዳል። ሚጡ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ለጨርቅ ነጋዴው አውርታለች፤ እንድትሰማላት የምትፈልገው ግን አንዲት ሰው ነበረች፣ ያቺውም ጨርቁን ከኋላዋ የምትቀበለው። እትዬ ደግሞ አንድ ቀን በቃት። ሲዲው ከጠዋት ጀምሮ ዞሮ ዞሮ እንደገና ሲጀምር፣ የያዘችውን ሜትር ወርውራ ጠረጴዛውን ደገፍ አለች።

«ስሚኝ ሚጡ። ከዚህ ክፍል ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ። የቤት ዕቃ መደብር ያለው ሰውዬ እኔ ጋ ነይና ቁረጪልኝ እያለ ነው። እውነቴን ነው፣ እሄዳለሁ።»

ሚጡ ደነገጠች። እትዬ ስትቀልድና ስትመር ትለያታለች፤ ይህ ምር ነበር። ያለ እትዬ ማን ጨርቁን ይቀበላታል? ያለ ሙዚቃው ደግሞ ያ ክፍል ምን ይሆናል? ቀጥሎ ያደረገችው ነገር የልጅ ነገር ነው፤ ከመሳቢያዋ ሁለት ትኬት አወጣች። የከተማው ቲያትር ቤት «ጣቢያው»ን ሊያሳይ መሆኑን ከማስታወቂያው አይታ ገዝታ ደብቃቸው ነበር።

«በሞቴ አንዴ ብቻ ነይ። ሰዎቹን በዓይንሽ እያየሽ ስሚው። ከዚያ በኋላ ደስ ካላለሽ ማጫወቻውን በገዛ እጄ አወጣዋለሁ፣ ዳግም አልከፍተውም።»

«ትምያለሽ?»

«ማልኩ።»

«እንግዲህ ጉድሽ ፈላ» አለች እትዬ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ለባብሰው ሄዱ። ሚጡ መንገዱን ሙሉ ስታወራ፣ ትኬቶቹ ቦርሳዋ ውስጥ መኖራቸውን ደጋግማ ስትነካካ ነበር። ቦታቸውን ይዘው ሲቀመጡ እትዬ መጀመሪያ ያየችው የመድረኩን መጋረጃ ነው። ቀይ ከፈይ ነው፣ እስከ ጣሪያ።

«ጠርዙ በግራ በኩል ወርዷል» አለች ጮክ ብላ። «ማን ነው የሰፋው?»

«እትዬ፣ ዝም በይ!»

«ምን ዝም እላለሁ፣ ይህን የመሰለ ጨርቅ አበላሽተው!»

አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቅ አፈናቸው። «እውነትዎን ነው እመቤት፣ እኔም ሁሌ ዓይኔን ይወጋኛል» አሏት።

መብራቱ ጠፋ። ያቺ ትንሽ ዜማ ጀመረች።

ምነው ሚጡ ራሷ ብትነግራችሁ! ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ለካ የቁልፍ ቀዳዳ ነበር፤ አሁን በሩ ተከፈተ። ቫዮሊኖቹ ደረቷ ላይ ነው የሚጫወቱት። ክላርኔቱ ብቅ የሚልበት ቦታ ሲደርስ የሚነፋውን ልጅ ጉንጭ በዓይኗ አየችው፤ «እሱ ነው! እሱ ነው!» አለች በሹክሹክታ። መድረኩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የደበዘዘ መብራት። ሙሽራዋ መጣች፣ ሐኪሙ መጣ፣ ወንድማማቾቹ ፊት አዙረው ተቀመጡ። ሚጡ ግን አንድ ዓይኗ መድረኩ ላይ፣ አንዱ የእትዬ ፊት ላይ ነው። እትዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ደስም አላላት፣ አልሰለቻትም። ሚጡ «ቆይ፣ ያ ቦታ ይድረስ» አለች በልቧ። «እዚያ ጋ ያልተነካ ሰው የለም።»

ደረሰ። ጣቢያ ጠባቂዋ ግራጫ ካፖርት ለብሳ ከጥጉ ወጣች። ሚጡ የእትዬን ክንድ ያዘች።

«ይመጣል» አለች ሴትዮዋ። «ይመጣል። ይመጣል።»

ከዚያ ወደ ሙሽራዋ ዞረችና ሌላ ዜማ ጀመረች።

ሚጡ ጠበቀች። ትመለስበታለች ብላ ጠበቀች። አልተመለሰችም፤ ሙዚቃው አልፎ ሄዷል። የሆነውን ነገር ገና ሳታስበው፣ ከአጠገቧ ያለችው፣ ሙዚቃ አልወድም የምትለው እትዬ፣ አዳራሹ ሙሉ እስኪሰማ ተናገረች፦

«ኧረ ምነው! አሳጠሩት እኮ!»

ከፊት ያሉት ዞሩ። አንዱ «እሽሽ» አለ። ሽማግሌው በመሀረብ አፋቸውን ያዙ። ሚጡ ግን ማፈሩም አልታወቃት። አሁን ገብቷታል። ሲዲው ተጭሮ ኖሯል። ደንበኞቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። ያ ጥበብ ያለችው፣ ያ የክፍሉ ትንፋሽ ያለችው፣ ጭረት ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ መብራት በራ፣ ሰው ወደ መተላለፊያው ወጣ። ሚጡ አንድ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በይ ሳቂብኝ» አለች። «ስንት ጊዜ ሙሉ ለዚያ ሁሉ ሰው... ጥበብ ነው፣ ጥበብ ነው ስል!»

«ምን ያስቃል? ተናድጃለሁ እንጂ» አለች እትዬ። «እሷን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«ማንን?»

«ይመጣል የምትለዋን ነዋ! ሌላው ራሴን ያዞረኛል፤ እሷን ግን እወዳታለሁ።»

ሚጡ አፍጥጣ አየቻት።

«ሲዲው የተጫረ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነው ያወቅኩት» አለች እትዬ፣ የሻርፗን ጫፍ እየቋጠረች። «እዚያ ቦታ ሲደርስ ይይዘዋል። ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ይነቃነቅና ያልፋል። ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ደግሞም...» ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «ደግሞ ካውያውን አንስቼ እይዘው ነበር።»

«ለምን ትይዥዋለሽ?»

«እንዳታቆም ነዋ! ክንዴ እስኪዝል እይዘዋለሁ። ሲበቃኝ አሳርፈዋለሁ። ባሌ ትዝ ባለኝ ቀን ብዙ ነበር የምይዘው። ይመጣል ስትለኝ... እንጃ፣ ማን እንደሚመጣ እንጃ፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ሚጡ ልትቆጣም ፈለገች፣ ልታቅፋትም ፈለገች። የትኛው እንደቀደመ አልታወቀም፤ በአንድ እጇ ትከሻዋን መታ አድርጋ በሌላው ሳበቻት።

«አንቺ ተንኮለኛ! የሰሚው ልብ ነው የሚለውጠው ስል ዝም ብለሽ ትተኩሺያለሽ!»

«የሰሚው ልብማ ነበር» አለች እትዬ። «የኔ ልብ።»

ሳቃቸው መጣ፤ ምሰሶውን ይዘው ሳቁ። ሚጡ ግን ሳቋ ሲያልቅ ልቧ እንደገና ወረደ። «በቃ እንሂድ» አለች። «መጨረሻውም ይኸው ነው፤ ባቡሩ አልመጣም። እንደማልኩልሽ ማጫወቻውን አወጣዋለሁ።»

ደወል ተደወለ። ሰው ወደ አዳራሹ መመለስ ጀመረ። ሽማግሌው በአጠገባቸው ሲያልፉ «ቶሎ ግቡ እንጂ፣ ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ነው» አሏቸው።

«የምን ሁለተኛ ክፍል?» አለች ሚጡ።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩአት። «የኦፔራው ነዋ። ባቡሩ የሚ... አይ፣ አልነግርሽም፤ ግቢና እይ።»

እትዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ ሚጡ! አስተማሪዋ ግማሹን ነው እንዴ የሰጠችሽ?»

አሁን ልብ በሉ። ሚጡ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሪ ነበረች። ይህ ይመጣል፣ ያ ይሄዳል፣ እዚህ ጋ ስሚ፣ እዚያ ጋ ጠብቂ እያለች እትዬን የምትጎትት እሷ ነበረች። አሁን ግን ምንም አታውቅም። ምን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚዘፍን፣ እንዴት እንደሚያልቅ አታውቅም። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይሮጥ ጀመር። ያ ሰውዬ፣ የሷ ሰውዬ፣ ገና ያልሰማችው ሙሉ ግማሽ ኦፔራ አስቀምጦላታል!

«ነይ! ነይ! ነይ!» እትዬን እጇን ይዛ በሰው መሀል እየተጋፋች ገባች።

ሁለተኛው ክፍል በጸጥታ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ቀጥሎ ከኦርኬስትራው ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። ተሰማ ወይስ ወንበሩ ነው የነዘረው? እትዬ «ምንድነው?» አለች። ሚጡ «አላውቅም!» አለች፤ ይህን ቃል ስትል ደስታዋን ማየት ነበር። ድምፁ ተደገመ። ቫዮሊኖቹ አንድ ባንድ ተሳፈሩበት። መለከቱ ተሳፈረ። ወንድማማቾቹ ከየጥጋቸው ቀና አሉ፤ አንዱ የዘፈነውን ሌላው እየተቀበለ፣ እየተቀበለ፣ መኳረፋቸው በዜማው ውስጥ ሳያውቁት አለቀ። እትዬ የሚጡን ጉልበት በክርኗ ጎሰመች፤ «አየሽ? አየሽ? ታረቁ!» ሙሽራዋ ቆመች። ሐኪሙ ሻንጣውን አነሳ። ድምፁ ወለሉን እየነቀነቀ፣ እየቀረበ፣ እየገዘፈ መጣ። ያው ድምፅ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው የበለጠ ይቀርባል። አዳራሹ በሙሉ ወደፊት አዘነበለ። ከመድረኩ ጎን ትልቅ ነጭ መብራት በሰዎቹ ላይ አለፈ፤ የመስኮቶች ጥላ በፊታቸው ላይ ተርመሰመሰ።

እትዬ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። መቆሟን አታውቅም።

ሰዎቹ ሁሉ ተሳፈሩ። ባቡሩ ሄደ። ድምፁ እንደመጣው ቀስ እያለ ራቀ። መድረኩ ላይ ጣቢያ ጠባቂዋ ብቻዋን ቀረች። ወንበሩን በመሀረቧ ጠረገች፣ ሰዓቱን አየች፣ መብራቱን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ለራሷ፣ እንጉርጉሮ የመሰለች ዜማ አዜመች። ቃል የላትም።

«እሷስ?» አለች እትዬ፤ እንባዋ እየወረደ። «ሁሉን ሸኘች፤ እሷንስ ማን ይሸኛት?»

መጋረጃው ወረደ። ጭብጨባው ሲፈነዳ ሚጡ መነጽሯ የት እንደገባባት ጠፍቷት በደረቷ ላይ ትፈልጋለች። ዘፋኞቹ እጅ ነሡ። ቀጥሎ ከጎን አንድ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሽማግሌ ወጥቶ እጆቹን የት እንደሚያደርግ ሳያውቅ መሀል መድረክ ላይ ቆመ።

«የኔ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች ሚጡ። «እትዬ፣ እሱ ነው! በአካል! ቆሞ!»

«ይሄ ነው?» አለች እትዬ። «ይሄ ቀጫጫ? ያን ሁሉ ባቡር ያመጣው እሱ ነው?» ከዚያ እሷም ከሚጡ ይበልጥ ጮኸች፤ «አቶ ድገመው! እድሜ ይስጥህ!»

ሲወጡ ሚጡ መጠየቅ ፈራች። ደስ አለሽ ወይ ብላ ለመጠየቅ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እትዬ ምንም ሳትል ሰውን እየገፋች ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ሄደች።

«የኔ ልጅ፣ ነገም አለ?» አለቻት ውስጥ ያለችውን።

«አለ እናቴ፣ ግን የቀረው የመጨረሻው ረድፍ ነው።»

«የትም ይሁን። ሁለት ስጪኝ።»

«እትዬ!» አለች ሚጡ። «ነገ እኮ የሆቴሉን መጋረጃ እናስረክባለን ብለናል!»

«ይቆያላ! ጠባቂ እንደሆነ አልጠፋ» አለች እትዬ ትኬቶቹን እየተቀበለች። «አሁን የዚያን የመብራት ጠባቂ ታሪክ ንገሪኝ። መርከቦቹ ምን ሆኑ አልሽ?»

«ስነግርሽ አልሰማሽም ነበር እንዴ?»

«ስትተኩስ የዋለች ሴት ምን ትሰማለች! ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ሚጡ ጀመረች። እየዘፈነች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ መንገድ መሻገራቸውንም ሳታውቅ ነገረቻት። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ እትዬ ቁልፉን ይዛ ቆመችና «ከመርከቦቹ በኋላ ያለውን አልያዝኩትም፤ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለቻት።

ይኸው ነው ልጆቼ። ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ለናንተ ያው በሆነ ነገር ደስ ብሎት «እዚህ ጋ ስሚ» ሲላችሁ፣ ጥቂት ቆም በሉለት፤ እነዚያን ሁለት እህትማማቾችም በራቸው ላይ እንደቆሙ አስታውሱልኝ።